ሁለት ጊዜ የተከልነው መደብ
በማህበራችን የሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የሂሳብና የዕቅድ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



በጥር ወር ወደ እኛ የተቀላቀላችሁት አዲስ አባላት በግቢያችን ሰሜናዊ ግንብ ሥር ያለውን የቅመማ ቅጠልና የአበባ መደብ አይታችሁ «እኛም በቤታችን እንዲህ ያለ መሥራት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ነባሮቹ አባላት ደግሞ «መልሱን ስትሰጡ ከመጀመሪያው መደብ ጀምሩ እንጂ ከሁለተኛው እንዳትጀምሩ» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ የአተካከሉን ሥርዓትና የጠፋውን ገንዘብ አንድ ላይ እንነግራችኋለን። ከኮሚቴያችን አባላት መካከል በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር ስላለን ቁጥር ብናበዛባችሁ ይቅርታ አድርጉልን።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። እንደምታውቁት በርበሬና ንጥር ቅቤ አዘጋጅተን እንሸጣለን። ለቅቤው ኮሰረት፣ ለበርበሬው በሶብላና ጤና አዳም ሁልጊዜ ከገበያ እንገዛ ነበር። «ግቢ እያለን ለምን እንገዛለን?» አልን። ኮሚቴያችን በወረቀት ላይ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ በመስመር የተሰመረ፣ በቁጥር የተሞላ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። በስብሰባ አቀረብነው፤ እናንተም አምናችሁን እጅ አወጣችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ይህ ነበር። 12 የሮዝመሪ ችግኝ በ50 ብር 600 ብር፤ 24 የጦስኝ ችግኝ በ30 ብር 720 ብር፤ 30 የበሶብላ ችግኝ በ15 ብር 450 ብር፤ 6 ጽጌረዳ በ150 ብር 900 ብር፤ 8 ጤና አዳም በ40 ብር 320 ብር፤ 10 ጆንያ ፍግ በ80 ብር 800 ብር፤ ለቆፋሪ የሁለት ቀን ክፍያ 1,000 ብር። ጠቅላላው 4,790 ብር ነው። በዚያን ጊዜ 20 አባላት ነበርን፤ እያንዳንዳችን በሳምንት 50 ብር እንቆጥብ ስለነበር የማህበሩ የሳምንት ቁጠባ 1,000 ብር ነበር። ይህ ማለት የሁላችንም የአምስት ሳምንት ቁጠባ ሊሆን ጥቂት የቀረው ገንዘብ መሬት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በታህሳስ 2016 ዓ.ም. ስንቆጥር በሕይወት የነበሩት 3 ጽጌረዳና 2 ጤና አዳም ብቻ ነበሩ። በግዢ ዋጋቸው 530 ብር። ሌላው ሁሉ ጠፋ።

በዚያው ወር አንዲት እህታችን ለልጇ ሕክምና 5,000 ብር ብድር ጠየቀች። ሳጥኑ ሲከፈት 3,200 ብር ነበር። የቀረውን 1,800 ብር እኛ የኮሚቴው አባላት ከኪሳችንና ከዘመድ አሰባስበን እስክንሰጣት ድረስ አራት ቀን አለፈ። ልጁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ነገር ግን እናቱ እነዚያን አራት ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷ ታውቃለች። ከኪሳችን ማዋጣታችን ስህተቱን አልሸፈነውም። ሳጥኑ የተቋቋመው ለእንዲህ ያለ ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አንዳንዶቻችሁ በዚያ ሰሞን «ገንዘቡ በእርግጥ ለችግኝ ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው አሞናል፤ ቢሆንም የመጠየቅ መብታችሁ ነው። ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ አሳየናችሁ። ችግሩ ዕውቀት ያላቸውን ሳንጠይቅ መሥራታችን ነበር።

እንግዲህ ምን እንዳጠፋንና እንዴት እንዳስተካከልነው በየተራ እንናገር።

አንደኛ፣ ፀሐይን አላወቅናትም።

ቦታ የመረጥነው በግንቦት ነው። በዚያ ወር በደቡብ በኩል ያለው ግንብ ሥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው አይተን «ይኸው የፀሐይ ቦታ» አልን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት ከሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ በታህሳስ አጋማሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ትርቃለች። ግንባችን 2 ሜትር ተኩል ይረዝማል። በታህሳስ ቀትር ላይ የደቡቡ ግንብ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ሜትር የሚሆን ጥላ ወደ ግቢው ይጥላል። የመደባችን ስፋት 1 ሜትር ተኩል ነበር። ስለዚህ ሙሉ መደቡ በቀትር ጥላ ውስጥ ገባ። ብርድ በሆነበት ወር በሶብላው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ወደ ላይ ተመዘዘ፤ ከዚያም ጠወለገ።

ለቤታችሁ የሚሆን ቀላል ስሌት እንስጣችሁ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ከሆናችሁ የደቡብ ግንባችሁን ቁመት በሜትር ለኩ፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 64 ሳንቲም ሜትር አስቡ። በታህሳስ ቀትር ጥላው እዚያ ድረስ ይደርሳል። የሰሜኑ ግንብ ደግሞ በሰኔ ለእያንዳንዱ ሜትር 26 ሳንቲም ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ በበጋ ግን በቀትር ሥሩ ላይ ጥላ አይጥልም። ቀትር የምንለው ፀሐይ ከፍ የምትልበትን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለውን ነው።

ስሌቱ የቀትሩን ጥላ ብቻ ይነግራችኋል። የጎረቤት ፎቅ፣ ዛፍና ቆርቆሮ ጠዋትና ከሰዓት የሚጥሉትን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዙር በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ የጥላውን ጠርዝ በአመድ አሰመርን። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወደዱት። ማታ ስንቆጥር የሰሜኑ ግንብ ሥር 7 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያገኛል። ፀሐይ ወዳድ ለሆነ ተክል 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አፈሩን አልጠየቅነውም።

የግቢያችን አፈር ጥቁር፣ በክረምት የሚያብጥና የሚጣበቅ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነው። እኛ መደቡን ከግቢው ወለል ጋር እኩል አድርገን ቆፍረን፣ በሐምሌ ዝናብ መካከል ሮዝመሪና ጦስኝ ተከልንበት። ሁለቱም እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዲቆም የማይወዱ ናቸው። ጦስኝ በተፈጥሮው በደጋ ተራራ፣ ድንጋያማ በሆነና ውሃ በማይቋጥር መሬት ላይ የሚበቅል ነው። ሥራቸው በሰበሰ። ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ ያነሰው መስሎን ጨምረን አጠጣነው። በዚህ የምትስቁ እናቶች ልክ ናችሁ።

ከመካከላችሁ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያደጉት እናታችን ያንጊዜ በስብሰባው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በኋላ፣ ሁሉም ከጠፋ በኋላ፣ ምን እንደሚሉን ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። ቡና እያፈሉ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኛ አገር ይህን አፈር ማንም በሜዳው አይዘራበትም። እናቴና እኛ ልጆቿ በእጃችን አፈሩን ከፍ እያደረግን፣ በመካከሉ ቦይ እያበጀን፣ እንደ ሹሩባ እናሰምረው ነበር። ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ስንዴው ከላይ ይቆማል።» «ታዲያ ያንጊዜ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው። «ወረቀቱ ተጽፎ አልቆ ነበር» አሉን።

ይህን ቃላቸውን በፈቃዳቸው ነው የምንነግራችሁ። የኮሚቴው ወረቀት ስለ ችግኝ ዋጋ አንድ ገጽ ነበረው፤ ስለ ውሃ መውረጃ አንድ መስመር አልነበረውም። ዛሬ የማህበሩ ዕቅድ ከመጻፉ በፊት በመጀመሪያ በቡና ላይ ለእናቶች ይነገራል።

አፈራችሁን ለማወቅ ሁለት ነገር አድርጉ። አንድ እፍኝ አፈር በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ነቅንቁትና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ አፈር ከሰዓታት በኋላ ይከተላል፤ ሸክላው ግን እስከ ማግስቱና ከዚያም በላይ ውሃውን አድፍርሶ ይቆያል። ከዚያ 30 ሳንቲም ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። በማግስቱ ውሃው ካለ መደባችሁን ከፍ ማድረግ አለባችሁ። የእኛ ጉድጓድ በማግስቱ እንቁራሪት ሊገባበት ደርሶ ነበር።

ሦስተኛ፣ መደቡን እንዴት እንደሠራነው።

ከሰሜኑ ግንብ 40 ሳንቲም ሜትር ለቀን በችካልና በሲባጎ 8 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ለካን፤ 12 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ክፍተቱን የተውነው ከኋላም ከፊትም ገብቶ ለማረም እንዲመች ነው። እጅ ከአንድ ወገን 75 ሳንቲም ሜትር ያህል ስለሚደርስ ማንም ተክሉን ረግጦ መግባት አያስፈልገውም።

አፈሩን የቆፈርነው በየካቲት፣ ረጥቦም ድንጋይ ሆኖም ባልደረቀበት ጊዜ ነው። ጥቁር አፈር በጭቃነቱ ከተቆፈረ ጡብ ይሆናል። በዶማ 30 ሳንቲም ሜትር ያህል አላቅቀን የሰርዶውን ሥር አንድ በአንድ ለቀምን። ይህ ሥራ ያሰለቻል፤ ነገር ግን አንዲት የሰርዶ ቁራጭ ከቀረች በክረምት መደቡን ትወርሰዋለች። ከዚያ ዙሪያውን በድንጋይ ደርድረን መደቡን ከወለሉ 30 ሳንቲም ሜትር ከፍ አደረግነው፤ ከፊቱም ውሃ የሚሄድበት ቦይ ቆፈርን።

ብስባሽ የምንለብሰው 5 ሳንቲም ሜትር ነበር። 12 ካሬ ሜትር በ5 ሳንቲም ሜትር 600 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይህን አልገዛነውም። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከየቤታችሁ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት እያመጣችሁ ከደረቅ ቅጠልና ከጭድ ጋር ደርበን አበስብሰነው ነበር። ፍግ ካገኛችሁ በደንብ የበሰበሰውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። በዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር ብዙ አይጠቅምም፤ የሚያላላው ብስባሽ ነው። ጦስኝና ሮዝመሪ በሚተከሉበት በኩል ግን ከብስባሹ ቀንሰን ጠጠር ጨመርን።

አራተኛ፣ ማን የት ይቁም፣ መቼስ ይተከል።

ረጅሙ ከኋላ፣ መካከለኛው በመሐል፣ አጭሩ ከፊት። በኋላው ረድፍ 4 ኮሰረትና 4 ጠጅ ሳር በየ1 ሜትሩ ተከልን። በመሐል 4 ሮዝመሪ፣ 4 ጤና አዳምና ከጥፋቱ የተረፉትን 3 ጽጌረዳዎች በየ70 ሳንቲም ሜትሩ አቆምን። ከፊት 12 ጦስኝና 14 በሶብላ በየ30 ሳንቲም ሜትሩ። ችግኝ ሲተከል ትንሽ ስለሆነ ቦታው ባዶ ይመስላል፤ እጃችንም ሌላ ሊጨምርበት ይቸኩላል። አትጨምሩ። በመጀመሪያው ዓመት 80 ችግኝ የገዛነው ባዶ ቦታ ስላስፈራን ነው። በሁለተኛው ዙር 45 በቂ ሆነ።

ኮሰረትና ጠጅ ሳር በሰኔ ከዝናቡ ጋር ተተከሉ። ጠጅ ሳሩ ከሁለት አባላት ቤት ከቆየ ጉቶ ተከፍሎ መጣ። ኮሰረቱና ሮዝመሪው በሚያዝያ ከአባላት ጓሮ ተቆርጦ የተዘጋጀ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ሜትር የሚሆን ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ ከፊል ጥላ ውስጥ በእርጥብ አሸዋማ አፈር ማቆየት ነው። በሶብላው በግንቦት በዘር ተፈልቶ በሰኔ መጨረሻ ተዛወረ። ሮዝመሪና ጦስኝን ግን እስከ መስከረም አስታገስናቸው፤ ዝናቡ ሲያበቃ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ፀሐይ ስትመጣ ተተከሉ። በመካከል ባለው ክፍት ቦታ በሰኔ የአደይ አበባ ዘር በተንን፤ በመስከረም ግንቡ ሥር ቢጫ ሆነ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ልጆችንም አርቁ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያሳብጥና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። አንዲት እህታችን ክንዷ ላይ አይታዋለች።

አምስተኛ፣ ውሃ።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ለአዲስ ተክል በበጋ በሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ብናስብ 12 ካሬ ሜትር 240 ሊትር፣ ማለትም 12 ጀሪካን ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በሁለት ነገር ቀነስነው። በመጀመሪያ የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ሜትር አለበስነው፤ ግንዱን ሳይነካ። ሁለተኛ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ያዝን። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 400 ሊትር ይወርዳል፤ ሁለት በርሜል ይሞላል። የአትክልት ማጠቢያ ውሃም እንጠቀማለን፤ ሳሙናና በረኪና የነካው ግን አይገባም። ጦስኝና ሮዝመሪ ከተያዙ በኋላ ብዙ አይጠይቁም፤ የዛሬው ፍጆታችን በሳምንት ወደ 7 ጀሪካን ወርዷል።

አሁን የሁለተኛውን ዙር ሂሳብ እንዝጋ። 12 ጦስኝ 360 ብር፤ የበሶብላ ዘር 60 ብር፤ የድንጋይና የጠጠር ማጓጓዣ 500 ብር፤ ጭድ 200 ብር፤ ሲባጎና ችካል 40 ብር። ጠቅላላው 1,160 ብር። ከ12 ጦስኝ 10 ጸድቋል፤ ሮዝመሪው አራቱም አለ፤ ኮሰረቱ ከአራት ሦስቱ አለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ለቅቤው ኮሰረት ከገበያ አልገዛንም።

ይሁን እንጂ «በ1,160 ብር ሠራነው» ብለን ብንዘጋ ሂሳቡ ውሸት ይሆናል። 14 ሴቶች ለሦስት ግማሽ ቀን ቆፍረናል፤ 42 ግማሽ ቀን ማለት ነው። ለቆፋሪ በከፈልንበት ዋጋ ግማሽ ቀን 250 ብር ነው፤ ሲባዛ 10,500 ብር ይመጣል። የሴት ጉልበት በደብተር ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ እንደ ነፃ ይቆጠራል። እኛ ጽፈነዋል። ወገቧን ያመማትና ቁፋሮ ያልቻለች እህት ምግብ አብስላለች፤ እሱም ተጽፏል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉባኤው ሦስት ውሳኔ አሳልፏል፤ አዲሶቹ አባላትም እንድታውቁት እንደግመዋለን። የድንገተኛ ሳጥኑ ከ8,000 ብር በታች እያለ ለማንኛውም ሥራ ወጪ አይደረግም። ከአንድ ሳምንት ቁጠባ የሚበልጥ ወጪ በኮሚቴ ብቻ አይወሰንም። መደቡ የራሱ ቦርሳ አለው፤ ከሳጥኑ ጋር አይቀላቀልም። በዚያ በታህሳስ የተቸገረችው እህታችን ሦስቱንም ሐሳብ ደግፋ መጀመሪያ እጅ ያወጣች እሷ ናት። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ መደቡን የምታጠጣውም እሷ ናት።

በቤታችሁ ለመጀመር 12 ካሬ ሜትር አያስፈልጋችሁም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ፀሐያማ ቦታ ይበቃል፤ ግቢ የሌላችሁ በተቀደደ ባልዲና በዘይት ጀሪካን ጀምሩ፤ ሥሩን መብሳት ብቻ አትርሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኮሰረትና ሮዝመሪ እንቆርጣለን፤ ለእያንዳንዷ አባል አራት አራት ቁራጭ ይደርሳታል። ቢላዋና አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። እናታችንም ይገኛሉ፤ ጥያቄያችሁን ከእኛ በፊት ለእሳቸው አቅርቡ።

ከዚያ ታህሳስ በኋላ ደብተሩን ከእጃችን ስላልወሰዳችሁ እናመሰግናለን።